አይጥን ከቤት ማጥመድ፦ ለጤና ባለሙያ የሚቀርብ ጥያቄ

በአዊ ዞን፣ እንደ ብዙው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ፣ እህል የሚቀመጠው ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ወይም ከቤቱ ግድግዳ ጋር በተያያዘ ጎተራ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ገብሱና ድንቹ፣ በዳንግላ በኩል ደግሞ ጤፉ፣ በቆሎውና ዳጉሳው ተሰብስቦ ወደ ቤት ሲገባ፣ ማሳው የራቆተበት አይጥም ተከትሎ ይገባል። በእነዚህ ወራት «ለአይጥ ምን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መቅረቡ አይቀርም። በ1995 ዓ.ም. በ16 ፓኬጆች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነፍሳትንና አይጥን መቆጣጠርን ከአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ስለያዘው መልስ መስጠት የሙያ ግዴታዋ ነው። የሚሰጠው መልስ ግን ከእህል ጥበቃ አልፎ የቤተሰቡን ሕይወት ይነካል።

አይጥ እህል ከመብላትና ከማበላሸት ባሻገር በሽታ እንደሚያስተላልፍ የታወቀ ነው። በአገራችን «ተስቦ» ሲባል ወዲያው የሚታወሰን በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ነው። በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው ሙሪን ታይፈስ ግን ትኩሳቱ፣ ራስ ምታቱና ሽፍታው ከዚያኛው ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ሳይለይ ያልፋል። በጤና ጣቢያ የሚሠራው የዌይል-ፌሊክስ ምርመራም ሁለቱን አይለያቸውም። ሁለቱም በዶክሲሳይክሊን ስለሚድኑ ለታማሚው ልዩነቱ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ለመከላከል ግን አንዱ ልብስ መቀቀልን፣ ሌላው ቁንጫንና አይጥን ማጥፋትን ይጠይቃል። በአይጥ ሽንት በተበከለ ውኃና ጭቃ የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስም እንዲሁ ወባ ወይም ታይፎይድ እየተባለ ሊታለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሞ የወጣ በወንጂ የተደረገ ጥናት፣ ትኩሳት ይዟቸው ከመጡና ከተመረመሩ ጥቂት ሕሙማን ወደ ግማሽ በሚጠጉት የዚህን በሽታ ምልክት በደማቸው ማግኘቱ ለብዙዎቻችን ያልተጠበቀ ነበር።

ስለዚህ አይጡ መወገድ አለበት። በምን ይወገድ የሚለው ነው ዋናው ነገር።

መርዙ የሚያስከትለው

በገበያ ቀን መንገድ ዳር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ያለ ስያሜና ያለ መመሪያ የሚሸጠው «የአይጥ መርዝ» አንድ ዓይነት አይደለም። ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነው ዱቄት ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ይህ መርዝ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። አይጥ ማስመለስ ስለማይችል የበላው በሆዱ ይቀራል። ሰው ያስመልሳል፤ ቢያስመልስም አይድንበትም ይሆናል። የደም ግፊት መውረድ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የደም አሲድነት መጨመርና የሳንባ ውኃ መቋጠር የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አደጋዎች ሲሆኑ፣ እነዚህን ያለፈ ታማሚ በቀጣዮቹ ቀናት በጉበትና በኩላሊት ጉዳት ሊያዝ ይችላል። ማርከሻ የለውም። አትሮፒን የሚጠቅመው ለኦርጋኖፎስፌት እንጂ ለዚህ አይደለም። ኦክስጅንና በደም ሥር ፈሳሽ እየተሰጠ፣ የልብ ምቱን መከታተልና ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል። ትውከቱ ራሱ ጋዝ ስለሚያወጣ የክፍሉ መስኮት ይከፈት።

ሌላው ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው እንደ ብሮዲፋኩም ያለ መርዝ ነው። የበላው ሕፃን በመጀመሪያው ቀን ደኅና መስሎ ይታያል፤ መድማት የሚጀምረው ከቀናት በኋላ ነው። ለዚህኛው ቫይታሚን ኬ1 አለ፤ ነገር ግን መርዙ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ሕክምናው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ሁለቱ መርዞች ይህን ያህል ስለሚለያዩ፣ አስታማሚው «የአይጥ መርዝ ጠጣች» ሲል የመጀመሪያው ትእዛዝ መጠቅለያውን ወይም የተረፈውን በፍጥነት እንዲያመጣ መሆን አለበት።

ከሁሉም የከፋው ለነቀዝ የሚውለውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን በአይጥ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ያንኑ ፎስፊን ይለቃል፤ እንደ አዊ ዝናም በሚበዛበት አገር ደግሞ ከምድር ቤት ወለል እርጥበት አይጠፋም። ጉድጓዱ ከመኝታ ቤት ግድግዳ ሥር ከሆነ ጋዙ የሚደርሰው መጀመሪያ መሬት ላይ በተኙት ልጆች ዘንድ ነው።

በድንገተኛ ክፍል የምናያቸው አብዛኞቹ ግን በስሕተት የበሉ አይደሉም። ከወላጅ ወይም ከትዳር ጓደኛ ጋር ተጣልተው፣ በንዴት፣ በቆጡ ላይ የተቀመጠውን የሚያነሡ ወጣቶች ናቸው። ከንዴቱ እስከ ድርጊቱ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር በመሆኑ በአጠገብ ያለው ነገር ምንነት ሞትን ከሕይወት ይለያል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1998 እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባዮችን ካገደች በኋላ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች መጠን እስከ 2005 ድረስ በግማሽ ያህል ቀንሷል። እገዳ የመንግሥት ሥራ ነው፤ መርዙ ከቤት እንዳይገባ መምከር ግን በእኛው እጅ ነው።

ወጥመዱ እንዴት ይቀመጥ?

«ወጥመድ አይሠራም» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አንድ ወጥመድ ብቻ ገዝቶ በክፍሉ መሐል ማስቀመጥ ነው። አይጥ ጎኑን ከግድግዳ ጋር እያስታከከ ስለሚሄድ ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ብሎ፣ ማባበያው ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ይቀመጥ። ኩሱ ወይም የቅባት ዱካ የታየበት ቦታ፣ የጎተራው ሥርና የምድጃው ጀርባ ይመረጣሉ። ትንሿ የቤት አይጥ ከጎጆዋ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለምትርቅ በየሁለትና ሦስት ሜትሩ አንድ፣ በጠቅላላው አምስትና ስድስት ወጥመድ በአንድ ሌሊት ማጥመድ፣ አንዱን ለወር ከመጠበቅ ይሻላል። አይጠ መጎጥ የሚባለው ትልቁ ግን አዲስ ነገር ይፈራል፤ ለእርሱ ወጥመዱ ሳይወጠር ማባበያ ብቻ ተደርጎበት ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆይና ከዚያ ይወጠር።

ማባበያው የሽምብራ ፍሬ ካከለ በቂ ነው፤ ሲበዛ አይጡ ከዳር ቀምሶ ይሄዳል። ወቅቱ ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጣጠም ቅቤ ከቤት ባይገኝ ተቆልቶ የተወቀጠ ኑግ ወይም ለውዝ አያንስም። በክር ማሰር ደግሞ ይረዳል። ሙጫ የተቀባውን ሰሌዳ አልመክርም፤ አይጡ ሳይሞት ሲታገል ሽንቱን ይረጫል፣ ስቃዩም ብዙ ነው።

ወጥመዱ በየማለዳው ይታይ። አይጥ ሲሞት ቁንጫው ሬሳውን ትቶ ሌላ ደም ስለሚፈልግ ሬሳው በባዶ እጅ ሳይነካ በፌስታል ተይዞ በጥልቀት ይቀበር። ኩሱ ያለበት ቦታ ደርቆ አይጠረግ፤ በር ተከፍቶ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይርጠብና በጨርቅ ይታበስ። የነከሰው ሰው ቢመጣ ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ፣ የቴታነስ ክትባቱም ይታይ፤ አይጥ የእብደት በሽታን ለሰው ሲያስተላልፍ እጅግም ስለማይታወቅ የዚያ ክትባት በተለምዶ አያስፈልገውም።

የአንዱ ቤት አይጥ ሲያልቅ የጎረቤቱ ይተካል። በዕድር ተነጋግሮ መንደሩ በአንድ ሳምንት ቢያጠምድ ውጤቱ ይቆያል። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ለትንሿ አይጥ በር ስለሆነ በጭቃ ብቻ ሳይሆን በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ይደፈን። የቀርከሃ ጎተራም ከግድግዳው ተነጥሎ፣ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው እግሮች ላይ ቆሞ፣ በእያንዳንዱ እግር ላይ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቆብ ቢደረግለት አይጡ ወደ እህሉ መውጫ ያጣል።