ሥራ ያላቸው ጌጦች፦ የጃፓን የሻይ ቤት ግቢ

በጃፓን የሻይ ቤት ግቢ ውስጥ አበባ ፈልጎ የሚገባ ሰው እምብዛም አይቀናውም። መሬቱን የሸፈነው የድንጋይ ሽበት፣ ቅጠላቸው የማይረግፍ ቁጥቋጦዎችና ጥላ ነው። አበባ የሚቀመጠው ለሻይ ክፍሉ ነው፤ እዚያ የሚሰካው አንድ ዘንግ ከውጭ ተፎካካሪ እንዲመጣበት አይፈለግም። ታዲያ ግቢውን ያሳመረው ምንድን ነው? ድንጋዩ፣ የውሃ ገንዳው፣ ፋኖሱና ቀርከሃው ነው። ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ ለጌጥ ተብሎ የተሠራ አንድም የለም።

ሮጂ የሚባለው ይህ ግቢ መልኩን የያዘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሻይ ለእንግዳ በወግ የሚቀርብበትን ሥርዓት ካደላደሉት ሰዎች ዋናው ሴን ኖ ሪኪዩ (እ.ኤ.አ. 1522–1591) ነበር። እንግዳው የከተማውን ጫጫታ ትቶ ወደ ትንሿ የሻይ ክፍል የሚደርሰው በዚህ ግቢ አልፎ ነው።

እግሩ መጀመሪያ የሚያርፈው በመርገጫ ድንጋዮቹ ላይ ነው። የተነጠፉት ጫማው ጭቃ እንዳይነካው፣ ሽበቱም እንዳይረገጥ ነው። የእርምጃውንም ፍጥነት ይወስናሉ፤ ትንንሾቹ ዓይኑን ወደ መሬት ያወርዱታል፣ ሰፊው ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ዙሪያውን ያያል። ሪኪዩ ከአሥር ስድስቱን ለአረማመድ፣ አራቱን ለመልክ ያስብ ነበር ይባላል፤ ደቀ መዝሙሩ ፉሩታ ኦሪቤ ደግሞ ይህን ገልብጦ ለመልክ ስድስቱን ሰጠ። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል፣ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ በጥቁር ገመድ መስቀለኛ ታስሮ በአንደኛው መርገጫ ላይ ይቀመጣል። በዚህ አይታለፍም ማለት ነው። መዝጊያም ሆነ ጽሑፍ ሳያስፈልግ እንግዳው በሌላው በኩል ይሄዳል።

ቀጥሎ ያለው ጹኩባይ የሚባለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ሆን ተብሎ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የጦር አለቃም ይሁን ነጋዴ እጁን ለመታጠብና አፉን ለመጉመጥመጥ ቁጢጥ ማለት አለበት። በዙሪያው ያሉት ድንጋዮች ለአዲስ ዓይን እንዲያው የተበተኑ ይመስላሉ። ነገር ግን ከፊት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ መቆሚያ ነው፤ በአንዱ ጎን ያለው በብርድ ወራት የሙቅ ውሃ ባልዲ ይቀመጥበታል፤ በሌላው ጎን ያለው ማታ የእጅ መብራት ማኖሪያ ነው። የሚፈሰው ውሃ በመካከላቸው ባለው ጠጠር ይሰርጋል። ኋላ፣ ኢዶ በሚባለው የጃፓን የታሪክ ዘመን፣ ከዚህ ጠጠር ሥር ቂጡ የተበሳ ጋን በአፉ ደፍቶ መቅበር ተለመደ። ውሃው በቀዳዳው ጠብ እያለ ጋኑ ውስጥ ከተጠራቀመው ውሃ ላይ ሲወድቅ፣ የጋኑ ሆድ ድምፁን አጉልቶ ከመሬት በታች ያስተጋባዋል። የፍሳሽ ማስወገጃ እንዲህ ሆኖ ሙዚቃ ተጨመረበት።

የድንጋይ ፋኖሱ ከቤተ መቅደስ የመጣ ነው፤ በናራ ከተማ በሚገኘው ካሱጋ ታይሻ ብቻ የድንጋይና የነሐስ ተደምሮ 3,000 ያህል ፋኖስ አለ። የሻይ መምህራኑ ወደ ግቢያቸው ያስገቡት የማታ እንግዳ እንዳይደናቀፍ ብለው ነው። በኦሪቤ ስም የሚጠራው ዓይነት መቀመጫ የለውም። እግሩ በቀጥታ መሬት ውስጥ ስለሚቀበር፣ ብርሃኑ በሚፈለግበት ልክ ከፍና ዝቅ አድርጎ ማቆም ይቻላል።

ሺሺ ኦዶሺ የሚባለው የቀርከሃ መሣሪያ ግን የእርሻ ልጅ ነው። የእኛ ገበሬ ማማ ላይ ልጅ አውጥቶ በወንጭፍ የሚያስጠብቀውን ሰብል የጃፓን ገበሬ በውሃ ያስጠብቀው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ በኩል ክፍት፣ በሌላው በኩል በአንጓው የተዘጋ ቀርከሃ በዘንግ ላይ ይንጠለጠላል። የተጠለፈው ውሃ ክፍቱን ጫፍ ቀስ በቀስ ይሞላዋል። ውሃው ሲያመዝን ቀርከሃው ወደ ፊት ተደፍቶ ይገለብጠዋል፤ ባዶ ሲሆን ወደ ኋላ ይወድቅና ተረከዙ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ቋ! ያደርገዋል። አጋዘንና የዱር አሳማ ይህን ሲሰሙ ይሸሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1641 ኪዮቶ ውስጥ ሺሴንዶ የተባለውን መኖሪያ የሠራው የቀድሞ ወታደርና ገጣሚ ኢሺካዋ ጆዛን መሣሪያውን ወደ ግቢው አስገባው። አውሬ ያባርርበት የነበረውን ድምፅ ዛሬ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዳምጡታል።

አሁን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ቀርከሃና ከሲሚንቶ የተቀረጸ ፋኖስ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ነገር ግን መብራት የማይገባበት ፋኖስና ማንም የማይረግጠው መርገጫ ቦታ ከማጣበብ አያልፍም። ግቢውን ማስዋብ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ ቢወስድ የሚሻለው አስተሳሰቡን ነው። በሐምሌ ከበሩ እስከ ደጃፉ ሰው ሁሉ ጭቃ የሚረግጥበትን መስመር ይመልከት፤ ድንጋዩ መነጠፍ ያለበት እዚያ ነው። የግቢው ቧንቧ ሥር ውሃ የሚያቁር ከሆነ ጠፍጣፋ መቆሚያ፣ የባልዲ ማስቀመጫና ጠጠር የሞላ ማስረጊያ ያብጅለት። ሥራ ፈትቶ ጓዳ የተቀመጠ ጋን ካለም ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ቢያቆመው የዝናብ ውሃ ይይዝለታል። ለጌጥ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ግቢው የቸገረውን ቢጠይቅ፣ ግማሹን ጌጥ እዚያው ያገኘዋል።