በካርቱም ሙቀት የሞተር ዘይት ግፊት ሲወርድ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት በካርቱም ከተማ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአስመራ የሚወርድ ነጋዴ፥ ወደ 380 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል አየሩ እንደሚከብደው ሁሉ፥ የመኪናውም ሞተር ይፈተናል።

የሞተር ዘይት የሚጠቅመው በግፊት ሲዘዋወር ነው። ፖምፓው ዘይቱን ከኮፓው እየሳበ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ኮሎዶካውና ወደ ብሮንዚናዎቹ ይልከዋል፤ በዚያም በብረትና በብረት መካከል ስስ ሽፋን ይሆናል። ሽፋኑ ሲጠፋ ብረት ብረትን ይበላል። ዘይት በሙቀት ይቀጥናል፤ የቀጠነም ዘይት በየክፍተቱ ቶሎ ስለሚያመልጥ ግፊቱ ይቀንሳል።

የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት በብዙ መኪናዎች የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ገደማ ሲወርድ ነው። ቁልፍ ሲዞር በርቶ ሞተሩ ሲነሣ ቢጠፋ ደኅና ነው። በጉዞ ላይ ሲበራ ግን «ሙቀቱ ነው» ብሎ ማለፍ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ተስማሚ ዘይት ያለው ጤነኛ ሞተር በካርቱምም ቢሆን መብራቱን አያበራም።

በመታጠፊያ ወይም ፍሬን ሲያዝ ብቻ ብልጭ ካለ፥ ዘይቱ ማነሱን ያሳያል። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲዞር በርቶ፥ ነዳጅ ሲሰጠው ከጠፋ፥ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ብሮንዚናው አልቋል። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በአየር ማጣሪያው አልፎ ሲገባ፥ ይህን ማለቅ ያፋጥነዋል።

መብራቱ እንደበራ ነጂው ከመንገድ ወጥቶ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አለበት። ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ በሜዳማ ስፍራ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ይመልከት። ዘይቱ ጐድሎ ከሆነ ይጨምር፤ መብራቱም ከጠፋ የጐደለበትን ምክንያት በጋራዥ ያስመርምር። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ግን ሞተሩን አያስነሣ፤ መኪናው ተጐትቶ ይሂድ። ጥፋቱ የፖምፓው ይሁን የመብራቱ ሽቦ፥ መካኒኩ በግፊት መለኪያ ይለየዋል። አምራቹ ከፈቀደም ለቈላ መንገድ ከ30 ቍጥር ይልቅ 40 ወይም 50 ቍጥር ዘይት ይመረጣል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ብዙ ሕዝብ በዚሁ በሙቀቱ ወራት በመኪና ወደ ገዳሪፍና ወደ ፖርት ሱዳን ሸሽቷል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሞተር መቆም ከገንዘብ ኪሳራ ይልቅ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን፥ የአንድ ጋን ዘይትና የመጐተቻ ዋጋ፥ ኮሎዶካ ከማስሞረድና ጭነት በበረሃ ከማሳደር እጅግ ያነሰ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ ማለት ይህ ነው።