የችግር ዘመን ብርጭቆ

በአሜሪካ አገር አንድ ሰው ከሟች አያቱ ቡፌ ውስጥ ሮዝ መልክ ያለው የብርጭቆ ሳሕን አገኘ እንበል። ሳሕኑ የፋብሪካ ስም የለውም፤ የተሠራበት ዓመትም አልተጻፈበትም። አሮጌ ነው ብሎ በጥቂት ሳንቲም ቢሸጠው ኋላ ሊጸጸት ይችላል። ጥንታዊ ነው ብሎ በብዙ ገንዘብ ቢሸጠውም፣ ሳሕኑ በቅርብ ጊዜ የተሠራ አስመሳይ ከሆነ፣ ሳያውቀው ገዢውን ያታልላል። እናንተ በዚህ ሰው ቦታ ብትሆኑ ምኑን ትመለከቱ ነበር?

በቅድሚያ የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በአሜሪካ የጀመረው የኤኮኖሚ ውድቀት ብዙ ሕዝብ ከሥራ አፈናቀለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በኦሃዮ፣ በፔንሲልቬንያና በዌስት ቨርጂንያ የነበሩ ፋብሪካዎች ግን ከ1920ዎቹ አንሥቶ የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ፎርማ ውስጥ በመኪና እየተጫኑ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዕቃ በብዛት ያወጡ ነበር። ርካሽነቱ የሚያስደንቅ ነበር። ኩዌከር ኦትስ የተባለው ድርጅት በአጃ እሽግ ውስጥ እየከተተ ለገዢው በነጻ ይሰጠው ነበር፤ ሲኒማ ቤቶችም ተመልካች ለመሳብ በተወሰኑ ምሽቶች ቲኬት ለገዛ ሁሉ አንዳንድ ዕቃ ያድሉ ነበር። ያን ጊዜ ችግረኛውን ለማባበል የተሰጠው ሳሕን ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት መሆኑ ሳያስገርም አይቀርም።

ፊቱን የሸፈነው የአበባና የዳንቴል ጌጥ ለውበት ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ በችኰላ በተሠራ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀሩትን የአየር ዐረፋዎችና ጉድለቶች ይሰውር ነበር። ስለዚህ ጥቂት ዐረፋ ያየ ሰው ዕቃው ሐሰተኛ ነው ብሎ ለመፍረድ አይቸኩል።

አሁን ሳሕኑን ገልብጡት። በአፍ እየተነፋ የተሠራ ብርጭቆ ከብረቱ ዘንግ ሲላቀቅ በሥሩ ላይ ሻካራ ጠባሳ፣ ወይም ተሞርዶ የለሰለሰ ጐድጓዳ ምልክት ብዙ ጊዜ ይቀርበታል። በፎርማ የተጫነው ግን ፎርማው በሚጋጠምበት ቦታ እንደ ስፌት ያለ ቀጭን መስመር ይታይበታል። የችግር ዘመን ብርጭቆ የሁለተኛው ወገን ነው። በቤታችሁ ብርሌ ወይም ጠርሙስ ካለ ገልብጣችሁ ይህንኑ ለመለየት ሞክሩ። የፋብሪካ ምልክት የሚገኘው በጥቂቱ ዕቃ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ፌዴራል የተባለው ፋብሪካ ኤፍ የተባለውን የላቲን ፊደል በጋሻ ውስጥ ያትም ነበር። የቀረው ዕቃ የሚታወቀው በጌጡ ነው።

ከሥሩ ያለው ጭረትም ይመሰክራል። ለብዙ ዓመታት በገበታ ላይ የተገፋ ሳሕን ጭረቱ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ጥልቀቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ጭረቱ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ከሆነ ግን አንድ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎት ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ።

አንዳንዱ አረንጓዴ ብርጭቆ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲታይ ደማቅ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ይህም ዩራንየም ስለ ተጨመረበት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን የጥንታዊነት ማረጋገጫ ያደርጉታል፤ ነገር ግን ተሳስተዋል። የዩራንየም ብርጭቆ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም እንደገና ተሠርቷል፤ ዛሬም ይሠራል። ብርሃኑ የሚነግረን በውስጡ ያለውን እንጂ ዕድሜውን አይደለም።

እጅግ አስቸጋሪው ነገር አስመሳዩን መለየት ነው። ጃኔት የተባለው ፋብሪካ በ1930ዎቹ ያወጣው የቼሪ አበባ ጌጥ ያለበት ጆግ ከሥሩ ዘጠኝ የቼሪ ፍሬዎች ነበሩት፤ በኋላ የወጣው አስመሳይ ግን ሰባት ብቻ አለው። እዚህ ላይ ዐዋቂና አላዋቂ የሚለያዩት በመቍጠር ብቻ ነው። ማድሪድ የተባለው ጌጥ ግን እንዲህ አይቀልም። ፌዴራል ይህን ጌጥ በ1932 ጀመረ፤ በ1976 የአሜሪካ ነጻነት 200ኛ ዓመት ሲከበር እንደገና ሲያወጣው በጌጡ መካከል 76 የሚል ቍጥር አስገባበት። ይህ የቅን ነጋዴ ሥራ ነበር፤ አዲሱን ከጥንቱ ማንም ሊለየው ይችል ነበርና። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ግን ፎርማዎቹ ኢንዲያና ወደሚባል ሌላ ፋብሪካ ተላለፉና ቍጥሩ ተፋቀ። ከዚያ ወዲህ የወጣውን ለመለየት የሚቀረን መንገድ በአብዛኛው የቀለም ልዩነት ነው፤ ለምሳሌ አዲሱ ሰማያዊ ከጥንቱ ይልቅ ደማቅ ነው።

ዋጋን የሚወስነው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ሳሕን በብዙ ሺህ ተሠርቷል፤ የቅቤ ማስቀመጫ ክዳን ግን ቶሎ ስለሚሰበር ዛሬ ከሥረኛው ክፍል ይልቅ ክዳኑ ይፈለጋል። ሮያል ሌስ የተባለው ጌጥም በጥቁር ሰማያዊው ቀለም ሲሆን ቀለም ከሌለው ይበልጥ ይወደዳል። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሳይሆን ተመሳሳይ ዕቃ በእርግጥ የተሸጠበትን ጠይቁ። ከዚያ ጣታችሁን በከንፈሩ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ ዓይን ያላየውን ሽራፊ ጣት ያገኘዋል። ለብዙ ጊዜ በማጠቢያ መኪና የታጠበ ብርጭቆ ፊቱ ተበልቶ ጭጋግ ይለብሳል፤ ይህም በሳሙና አይለቅም። ውሃ ወይም ዘይት ሲነካው ጭጋጉ ለጊዜው ስለሚሰወር፣ ዕቃውን ደርቆ ሳለ በቀን ብርሃን ተመልከቱት።