ስንዴው ደህና ሳለ

በስንዴ ልማት ስሠራ አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ «ምን እንርጭ?» የሚል ነው። የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ማሳው ቢጫ ከለበሰ በኋላ ነው። ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ቅጠል ላይ በዓይን እስኪታይ ድረስ ተክሉ ውስጥ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይቆያል። ያን ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ መሮጥና መርጫ ከጎረቤት መለመን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ቀድሞ መንቀሳቀስ ሲባል ቶሎ መርጨት የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። በሽታ ሳይኖር ቀን ቆጥሮ መርጨት የገበሬውን ገንዘብ ይበላል፤ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲደጋገምም ፈንገሱ ይለምደዋል። ቀድሞ መሆን ያለበት ውሳኔው ነው። ማሳውን ማን እየተመላለሰ እንደሚያይ፣ ምልክት ሲገኝ ለማን እንደሚደወል፣ መድኃኒቱና መርጫው የት እንዳለ ቡቃያው ገና አረንጓዴ ሳለ መታወቅ አለበት።

ከዚህም የሚቀድም አለ፤ የዘር ምርጫ። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች ክፉኛ መታ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ ተወደደ፣ በአርሲና በባሌ በሰፊው ተዘራ። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግን ይህንኑ ዝርያ የሚያጠቃ የግንድ ዋግ ተነሥቶ ብዙ ማሳ አወደመ። ዲገሉ መጥፎ ዝርያ ስለነበረ አይደለም፤ አንድ ዝርያ ሰፊ አገር ከሸፈነ፣ እሱን የሚሰብር አንድ የዋግ ዓይነት ለሁሉም ይበቃል። ስለዚህ ገበሬዎች «የትኛው ዘር ይሻላል?» ሲሉኝ፣ እኔ ደግሞ «ጎረቤትዎ ምን ሊዘሩ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ርጭት በላይ ዋጋ እንዳለው አምናለሁ።

ዛሬ የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ጠባይ አስልቶ ዋግ ወዴት ሊዛመት እንደሚችል የሚጠቁም ትንበያ አለን። ትልቅ እርዳታ ነው። ግን ትንበያ ማሳ ውስጥ ገብቶ የታችኛውን ቅጠል አይገልጥም።

የልማት ጣቢያ ባልደረቦቼ፣ በዚህ ክረምት ማንም ሳይጠራችሁ ማሳ ግቡ። ረባዳና እርጥበት የሚይዘውን ቦታ አስቀድሙ፤ የታች ቅጠሎችን ገልብጣችሁ እዩ። ፍሬውን በዋናነት የሚሞላው ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ቅጠል ነውና፣ እሱ ሳይነካ ድረሱለት።