ትኩስ ገንፎና የምግብ ቧንቧችን

በወረኢሉ ብርድ ገንፎ በትኩሱ፣ ቡና እንደፈላ ነው። ጣታችን የማይችለውን ትኩሳት የምግብ ቧንቧችን እንዴት ይችለዋል?

የቧንቧው ውስጥ በድርብርብ ሕዋሳት ተሸፍኗል። ላይኞቹ ሲቃጠሉ ከሥር ያሉት እየተከፈሉ ይተካሉ። ቃጠሎው ሲደጋገም ክፍፍሉ ይበዛል፤ ዲ.ኤን.ኤ. ሲባዛም ስሕተት ይገባል። ስሕተቱ የተበላሸ ሕዋስ እንዳይራባ የሚያግደውን ፒ-53 የተባለ ዘረ-መል ከነካ፣ ሕዋሳቱ ቅርጽና ሥርዓት ያጣሉ። ይህ ገና ነቀርሳ አይደለም፤ ዋዜማው ነው። ብዙውን ጊዜም አያምም።

በሽታው በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል፤ ትኩስ ገንፎም ይጠረጠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ነቀርሳ ሳያመጣ አይቀርም ብሏል።

ገንፎ ከዳር የሚበላው ዳሩ ቶሎ ስለሚበርድ ነው። ቡናውም በረድ ይበል። ለተማሪዎቻችንም ይህንኑ እንንገር።