የግቢያችን በር ሲጮህ

በቢሾፍቱ መኪና የምናስገባበት የግቢ በር አብዛኛውን ጊዜ ከላሜራ የተሠራ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወርዱ 3.5፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር የሆነ በር እንግዲህ ላሜራው ብቻ አንድ ኩንታል ያህል ነው። ይህን የሚሸከሙት ማጠፊያዎቹ ናቸው፤ ልጆቻችን ደግሞ አጠገቡ ይጫወታሉ።

ስለዚህ የበሩን ሲጢጥታ ለምደን አንለፈው። ማጠፊያው ደርቆ ከሆነ ትንሽ ግራሶ ይበቃዋል። በሩ ዘመም ብሎ መሬት መፋቅ ከጀመረ ግን ማጠፊያው ተበልቶ ወይም ብየዳው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በትከሻ እየገፉ መክረም ስንጥቁን ያሰፋዋል። ልጆችን አርቀን፣ በሩን አስደግፈን በያጅ እንጥራ።

ዝገት ብዙውን ጊዜ ከታች ይጀምራል፤ የክረምት ጭቃና ውኃ የሚያርፈው እዚያ ነውና። ሰኔ ሳይገባ በብረት ብሩሽ ፍቀን፣ አንቲረስት ቀብተን ቀለም እናልብሰው።

በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት በር ያለን ጠጠሩን እንጥረግ፤ በሐዲዱ ጫፍ ማቆሚያ መኖሩንም እንይ። ማቆሚያ ከሌለው በሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ሊወድቅ ይችላል።

ዛሬ የሚያስፈልገን ጥቂት ግራሶ ነው፤ ብንዘገይ ግን ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ ላይቀር ይችላል።