ከአስፋልት ውጭ ስለሚነዳ ብስክሌት አመራረጥ

ለልጅ ብስክሌት መግዛት ቀድሞ የጥቂት ቤቶች ነገር ነበር። ዛሬ ግን በቦሌ፥ በገርጂ፥ በሰሚትና በአያት ሰፈር ልጁ በመልካም ውጤት ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወረለት አባት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ብስክሌት ነው። አባትም ይህን በሰማ ጊዜ ልቡ የሚሄደው ወደ ብስክሌቱ ሳይሆን ወደ መኪናው ነው፤ በሲኤምሲ መንገድ የሚሮጠውን የጭነት መኪናና መንገደኛ ባየ ቍጥር ድንገት የሚቆመውን ታክሲ ያስባልና። ስለዚህም ብዙ ወላጆች ልጃቸው ከተሽከርካሪ ርቆ በየካ ተራራ ባሕር ዛፍ ውስጥ፥ ወይም ከጎሮና ከቦሌ አራብሳ ወዲያ ገና ቤት ባልተሠራበት ሜዳ እንዲነዳ ይፈቅዳሉ። ይህ አሳባቸው ትክክለኛ ነው። የሚቀረው ግን ወደዚያ የሚሄደው ብስክሌት የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ነው፤ ለአስፋልት የተሠራ ብስክሌት ከአስፋልት በወጣ ጊዜ ልጁን ከመኪና አድኖ ለገደል ይሰጠዋልና።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ እንዳይደለ ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ኢትዮጵያ በመጀመሪያ የተካፈለችበት የኦሊምፒክ ጨዋታ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገ ጊዜ ከሯጮቹ ጋራ ብስክሌት ነጂዎችም ተልከው ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከተማይቱም በበኩልዋ በ2011 ዓ.ም. በተመረጡ እሑዶች አንዳንድ ጎዳናዎች ከተሽከርካሪ ነፃ የሚሆኑበትን ልማድ ጀመረች፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት በተሠሩት ጎዳናዎች ዳር ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተበጅቷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ስለ ለሰለሰ መንገድ ነው፤ የዛሬው ነገራችን አስፋልቱ ካለቀበት ይጀምራል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው መሬቱ ነው፤ ሻጩ ስለ ብስክሌቱ ይናገራል እንጂ ስለ መሬቱ አይናገርም። የአዲስ አበባ ምሥራቅ ሁለት ዐይነት መሬት አለው። ከቦሌ አየር ማረፊያ አካባቢ ጀምሮ ወደ ቡልቡላ፥ ወደ ጎሮና ወደ አራብሳ የሚዘረጋው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። በዚያ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ጠባዩን ያውቀዋል፤ መሠረት ከመጣሉ በፊት አፈሩን አስቈፍሮ ያስጥላልና። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይኮማተራል። በክረምት በጎማው ላይ እየተጠቀለለ በጎማውና በሹካው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ጥቂት ሜትር ከተሄደ በኋላ መንኰራኵሩ መዞር ይተዋል፤ ነጂውም ሊሸከመው የሚገባውን ብስክሌት ራሱ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በበጋ ደግሞ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ የጣት ስፋት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ቀጭን ጎማ የገባበት እንደ ሆነ ነጂውን በፊቱ ይደፋዋል። ከሾላና ከኮተቤ በላይ ወደ የካ ሲወጡ ግን መሬቱ ይለወጣል፤ ቀይ አፈር፥ የተፈረካከሰ ድንጋይ፥ የባሕር ዛፍ ሥርና ቅጠል ይሆናል። ይህም ቅጠል ደርቆ በተከማቸበት ቍልቍለት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ስለዚህ ምርጫው ከጎማ ይጀመራል። የአስፋልት ብስክሌት ጎማ ስፋቱ ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለሜዳና ለተራራ የሚሆነው ግን ከ50 ሚሊ ሜትር፥ ይኸውም ከ2 ኢንች ያላነሰና ጥርስ ያለው ሊሆን ይገባል። ጥርሱ የተራራቀ ቢሆን ጭቃውን ያራግፋል፤ የተቀራረበ ቢሆን ጭቃው ተጣብቆ ይቀራል። ጎማው በሹካው ውስጥ ሲዞር በግራም በቀኝም ትንሽ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ፓራፋንጎ በከተማ ለልብስ ንጽሕና የሚጠቅም ነው፤ በመረሬ ላይ ግን የጭቃ ጎተራ ስለሚሆን የሚወልቅ ዐይነት ይመረጥ።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል፥ ግን ብዙ የምታደክም ነገር አለች። የውስጥ ጎማው ነፋስ መቀበያ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ቀጭንና ረዥም፥ ሌላው እንደ መኪና ያለ ወፍራም። ወፍራሙ ይሻላል፤ በኮተቤም ሆነ በገርጂ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ሊሞላው ይችላልና። ነገር ግን ጎሚስታው ጎማውን እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር እንዲሞላው አይፈቀድለት። የጠጠረ ጎማ በአስፋልት ይሮጣል፤ በድንጋይና በሥር ላይ ግን ይነጥራል፥ ይንሸራተታልም። ለአካለ መጠን ለደረሰ ነጂ በመለኪያው ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ለልጅ ከዚያም ያነሰ ይሁን። በየካ ዳገት ቀጋና አጋም ስላለ እሾህ አይቀርምና፥ ትርፍ የውስጥ ጎማና ትንሽ ፖምፓ ከብስክሌቱ ጋራ አብረው ይገዙ።

ከጎማ ቀጥሎ፥ እንዲያውም እንደሚመስለን ከጎማ በላይ፥ የሚመረመረው ፍሬን ነው። የተራራ ብስክሌት ታሪክ ራሱ የፍሬን ታሪክ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፥ ማሪን በሚባለው አውራጃ የሚኖሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እያደሱ ከተራራ ቍልቍል ይወዳደሩ ነበር። የእነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን በኋላው መንኰራኵር እምብርት ውስጥ ሆኖ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለ ነበረ፥ ከሙቀቱ ብዛት የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ እየጨሰ ያልቅ ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ እምብርቱን ፈትተው እንደ ገና ግራሶ መሙላት ግድ ሆነባቸው። በ1969 ዓ.ም. የጀመሩትንም ውድድር በዚሁ ምክንያት «ሪፓክ» ብለው ጠሩት፤ እንደ ገና መሙላት ማለት ነው። ይህ የወጣቶች ጨዋታ እያደገ ሄዶ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ከኦሊምፒክ ውድድሮች አንዱ ለመሆን በቃ።

ወደ እኛ ተራራ ስንመለስ፥ ቸርኬውን በሸራ የሚይዘው ፍሬን በደረቅ ጊዜ መልካም ነው፤ ጭቃ በነካው ጊዜ ግን ይከዳል፥ ቸርኬውንም እንደ ሞረድ ይበላዋል። ዲስክ ፍሬን በእምብርቱ አጠገብ ሆኖ ከጭቃው ስለሚርቅ ይበልጣል። ዲስኩም በዘይት የሚሠራና በሽቦ የሚሠራ አለ። በዘይት የሚሠራው በአንድ ጣት ይታዘዛል፤ ነገር ግን ነፋስ ሲገባበት የሚያስተካክለው ባለሙያ በየሰፈሩ አይገኝም። በሽቦ የሚሠራውን ትጉህ ልጅ ራሱ ሊያጠብቀው ይችላልና ለቤተ ሰብ የምንመክረው ይህን ነው። በሱቁ ደጃፍ ልጁ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ የፍሬኑን እጀታ ይጨብጥ፤ ጣቶቹ ሳይንጠራሩ ካልደረሱ፥ ወይም እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ ከተጨበጠ፥ ተስተካክሎ ካልተፈተነ በቀር አይገዛ።

ብዙ አባቶች የሚታለሉበት ግን ሞላ ነው። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፥ በደማቅ ቀለም የተቀባው ብስክሌት በሱቅ ደጃፍ ሲቆም ልጁ ከእርሱ ሌላ አያይም። የምናውቃቸው አንድ ሹም ለልጃቸው እንዲህ ያለውን ገዝተው ነበር። ብስክሌቱ 18 ኪሎ ይመዝናል፤ ልጁ ፔዳሉን በረገጠ ቍጥር ኋለኛው ሞላ ጕልበቱን ይጠጣበታል፤ ክረምቱ ሳይወጣ መጋጠሚያው ላልቶ ይንቋቋ ጀመር። አሁን ልጁ የሚነዳው ምንም ሞላ የሌለውን የእኅቱን ብስክሌት ነው፤ እኅቲቱም ስለዚህ በየቀኑ ክስ ታቀርባለች። የሞላ ጥቅም መጨመቁ ብቻ ሳይሆን፥ ከተጨመቀ በኋላ በዝግታ መመለሱ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ረቂቅ መሣሪያ ደግሞ ዋጋው ውድ ስለ ሆነ በርካሽ ብስክሌት ላይ አይገኝም። በርካሹ ላይ ያለው ሞላ ድንጋይ ሲመታው ነጂውን መልሶ ይወረውራል። ስለዚህ ገንዘቡ መካከለኛ ከሆነ የፊት ሞላ ብቻ ያለው፥ ከዚያም ካነሰ ጨርሶ ሞላ የሌለውና ሰፊ ጎማ ያለው ይገዛ፤ የተረፈው ገንዘብም ለፍሬንና ለጎማ ይዋል።

ሻጮች ሁለተኛ የሚመኩበት የማርሽ ብዛት ነው፤ «ሃያ አንድ ማርሽ አለው» ይላሉ። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ነው፤ የእንጦጦ ሰንሰለት ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል፥ የካም የእርሱ የምሥራቅ ጎን ነው። በዚህ ከፍታ ትንፋሽ ስለሚያጥር ለዳገት የሚጠቅመው የማርሹ ብዛት ሳይሆን የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ቅለት ነው። ለዚህም አንድ መለኪያ አለ፤ ከኋላ ያለው ትልቁ ክብ ከፊት ካለው ትንሹ ክብ ይልቅ ብዙ ጥርስ ይኑረው። ለምሳሌ ከፊት 32 ቢሆን ከኋላ 42፥ ከፊት 22 ቢሆን ከኋላ 32 ወይም 34 ይሁን። ሻጩ ቢስቅም ጥርሱ ይቈጠር።

ስለ ቁመቱ «ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ ብስክሌት መግዛት ለጫማ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ለተራራ ግን አደገኛ ነው። ልጁ ብስክሌቱን በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ ሲቆም በእርሱና በአግዳሚው ብረት መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ በድንገት መውረድ በተራራ ላይ የዘወትር ነገር ነውና። ለሴቶች ልጆችም ሕጉ ይኸው ነው፤ አግዳሚው ዝቅ ያለውን መምረጥ ይቻላል።

በመርካቶ ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ቀለሙን ትቶ ብረቱ የተበየደበትን ቦታ በጣቱ ይዳስስ፤ በቀለሙ ላይ የፀጕር ያህል ስንጥቅ ካየ ይተወው። መንኰራኵሩንም አንሥቶ ያዙረው፤ ቢወላገድ ወይም ኩሽኔታው ቢያጕረመርም ዋጋው በዚያ ልክ ይቀነስ።

የራስ ቁር ከብስክሌቱ ጋራ በአንድ ቀን ይገዛ፤ ደወልም እንዲሁ። ከየካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሸክማቸው ከራሳቸው በላይ ስለ ሆነ ዘወር ብለው አያዩም፤ ልጁ ከሩቅ ደውሎ፥ ከብስክሌቱም ወርዶ ያሳልፋቸው። ሲመሽ ጅብ ስለሚወጣ ከ11 ሰዓት በፊት ከጫካው ይውጣ። ቤትም ሲደርስ መረሬው ሳይደርቅ ብስክሌቱን በውሃ ይጠበው፤ ሰንሰለቱንም በጨርቅ ካደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት ያንጠባጥብበት።